በማንኪያው ላይ የሚቆም ገንፎ

ድስት ውስጥ ያለ ፈሳሽ ለምን ድንገት ይጠነክራል? መልሱ ከሰቆጣ እስከ አዲስ አበባ ላለ ወላጅ ሁሉ ይጠቅማል።

ዱቄቱን በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጣችሁ ድስቱን እሳት ላይ ጣዱት። መጀመሪያ ምንም አይሆንም። ማማሰያው ያለ ምንም ችግር ይዞራል፣ ውስጡ ያለው ደፍረስ ያለ ውሃ ነው። ሁለት ደቂቃ፣ ሦስት ደቂቃ፣ አሁንም ውሃ። ከዚያ ዳር ዳሩ መያዝ ይጀምራል፤ ማማሰያው ይከብዳል፤ ጥቂት ቆይቶ ድስቱን በሌላ እጃችሁ ካልያዛችሁት አብሯችሁ ይዞራል። ዱቄት አልጨመራችሁም። ውሃውም ተንኖ አላለቀም። ታዲያ ምን መጣ?

ይህን የሚያጠና ራሱን የቻለ የሳይንስ ዘርፍ አለ፤ ሪዮሎጂ ይባላል። ነገሮች እንዴት እንደሚፈሱና መቼ መፍሰስ እንደሚያቆሙ ይመረምራል። ቀለም ግድግዳ ላይ ተቀብቶ የማይንጠባጠበው፣ የጥርስ ሳሙና ሲጨመቅ ወጥቶ ብሩሹ ላይ ቀጥ ብሎ የሚቆመው በዚህ እውቀት ነው። እኔ ግን ሙያዬ ማርኬቲንግ ነው፤ ወደዚህ ጉዳይ የሳበኝ አንድ ቃል ነው፦ "ወፍራም"። ወፍራም እርጎ፣ ወፍራም ሾርባ፣ ወፍራም ጭማቂ ሲባል ደንበኛው "ያልተበረዘ፣ የሚያጠግብ" ብሎ ይሰማል። ቃሉ ይሸጣል። የሕፃናት ምግብ ላይ ሲመጣ ግን ውፍረት በሁለት በኩል ያታልለናል፤ የሚያታልለን ደግሞ የልጅ እድገት በሚወሰንበት ዕድሜ ላይ ነው።

ሰቆጣ እና ቃል ኪዳኗ

ይህን ጉዳይ ስናነሣ ከሰቆጣ የተሻለ መነሻ የለም። ሰቆጣ የዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አስተዳደር ዋና ከተማ ናት። ደጋው ገብስ፣ ስንዴና ባቄላ ያበቅላል፤ ወደ ተከዜ የሚወርደው ቆላ የማሽላና የፍየል አገር ነው። የአበርገሌ ፍየልና የዋግ ማር ስማቸው ከአካባቢው አልፎ ይታወቃል። በዚያው ልክ ዋግ የድርቅ ጠባሳ ያለበት ምድር ነው። በ1977 ዓ.ም. ረሀብ ክፉኛ ከተጎዱት አካባቢዎች አንዱ ነበር፤ ከዚያም ወዲህ ድርቅም ጦርነትም አልማሩትም።

በሐምሌ 2007 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሦስተኛው ዓለም አቀፍ የልማት ፋይናንስ ጉባኤ ሲካሄድ የኢትዮጵያ መንግሥት ዕድሜያቸው ከሁለት ዓመት በታች በሆኑ ሕፃናት ላይ የሚታየውን መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2030) ለማስቀረት ቃል ገባ። ስሙንም የሰቆጣ ቃል ኪዳን አለው። የመጀመሪያው ምዕራፍ የተጀመረውም በተከዜ ተፋሰስ ባሉ የአማራና የትግራይ ወረዳዎች ነው።

መቀንጨር ማለት ልጁ ለዕድሜው የሚገባውን ቁመት አለመድረሱ ነው። አጭርነት ብቻ ቢሆን ቀላል ነበር፤ አእምሮም አብሮ ይጎዳል። ጉዳቱ የሚደርሰው በአብዛኛው ከእርግዝና እስከ ሁለተኛ ዓመት ልደት ባሉት አንድ ሺህ ቀናት ውስጥ ነው፤ ካለፈ በኋላ ማካካሱ በጣም ከባድ ነው። በኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት እ.ኤ.አ. በ2000 ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት ከመቶ 58ቱ የቀነጨሩ ነበሩ። በ2016 ቁጥሩ ወደ 38 ወርዷል፤ በአማራ ክልል ግን 46 ነበር። "ይህ የገጠር ጉዳይ ነው" ብላችሁ ገጹን አትግለጡት። ፍሪጅና ሚክሰር ባለበት ቤትም ሕፃን የሚመገበው አጥሚት ከቀጠነ ሆዱ የሚሞላው በውሃ ነው።

ድስቱ ውስጥ ሻደይ

ወደ ድስቱ እንመለስ። ዱቄት በአብዛኛው የስታርች ቅንጣቶች ስብስብ ነው። የጤፍ ስታርች ቅንጣት እጅግ ደቃቅ ነው፤ ከአንድ ሚሊ ሜትር መቶ እጥፍ ያህል አንሶ እንኳ ከዚያ ያንሳል። በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ቅንጣቶቹ አይሟሙም፤ ተንሳፈው ይቆያሉ፣ ካላማሰላችሁትም ይዘቅጣሉ።

በነሐሴ ሰቆጣ ላይ ሻደይ ሲከበር በዓይነ ሕሊናችሁ ሳሉ። ልጃገረዶች ሻደይ የተባለውን ረጅም ሣር ወገባቸው ላይ አስረው ሜዳው ላይ ይበተናሉ። ሜዳው ሰፊ፣ ልጃገረዶቹ ጥቂት ከሆኑ በመካከላቸው ሮጣችሁ ታልፋላችሁ። ቀዝቃዛው ብጥብጥ ይህን ይመስላል። አሁን ሁሉም መሽከርከር ሲጀምሩ የወገባቸው ሣር ይዘረጋል፤ የልጃገረዶቹ ቁጥር ሳይጨምር ሜዳው ይሞላል። ለማለፍ መጋፋት ግድ ይላችኋል። ስታርችም ሙቀት ሲያገኝ ውሃ እየጠጣ ያብጣል፤ ነፃ የነበረው ውሃ ወደ ቅንጣቶቹ ሆድ ይገባል። ማማሰያው የሚከብደው ለዚህ ነው። በመጨረሻ ሁሉም እጅ ለእጅ ቢያያዙና ሰንሰለቱ ከሜዳው ዳር እስከ ዳር ቢደርስስ? ያኔ ማለፊያ የለም፤ አንዷን መግፋት ሁሉንም መግፋት ይሆናል። ያበጡት ቅንጣቶች አሚሎስ የሚባሉ ረጃጅም ክሮች ወደ ውጭ ይለቃሉ፤ ክሮቹ ሲበርዱ ይያያዙና ከድስቱ ግድግዳ እስከ ግድግዳ የሚደርስ መረብ ይሠራሉ። ብጥብጡ ጄል ሆነ የምንለው በዚህ ጊዜ ነው።

ለውጡ ድንገተኛ የሚመስለውም ለዚህ ነው። እያንዳንዱ እህል የራሱ የሙቀት መነሻ አለው፤ ጤፍ ከ68 እስከ 80 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ባለው መካከል ያብጣል። ከዚያ በታች ለረጅም ጊዜ ብታማስሉት ለውጡ እዚህ ግባ አይባልም፤ ሲደርስ ግን በአንድ ጊዜ ነው። የሰቆጣና የአዲስ አበባ ከፍታ ከ2,000 ሜትር በላይ በመሆኑ ውሃ የሚፈላው 92 ወይም 93 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ባቄላና ሥጋ ለመብሰል ጊዜ የሚወስዱብን በዚህ ምክንያት ነው፤ ለገንፎ ግን ይህ ሙቀት ይበቃል።

ዱቄትን የፈላ ውሃ ላይ ስትነሰንሱ የሚጓጉለውም በዚሁ ሕግ ነው። የእብጠቱ ውጫዊ ክፍል ወዲያው ጄል ሆኖ ይዘጋል፤ ውስጡ ያለው ደረቅ ዱቄት ውሃ ሳያገኝ ይቀራል። ሽሮም ሆነ አጥሚት በቀዝቃዛ ውሃ አስቀድሞ መበጥበጡ መፍትሔው ነው።

የቅቤው ጉድጓድ የሚነግረን

ገንፎ ሲቀርብ መሃሉ ጎድጎድ ይደረግና ቅቤና በርበሬ ይፈስበታል። ቅቤው ፈሳሽ ነው፤ በጉድጓዱ ውስጥ ይተኛል። የገንፎው ግድግዳ ግን አይናድም። ማንኪያ ሲነካው ግን በቀላሉ ይቆረጣል። በፈሳሽና በጄል መካከል ያለው ዋናው ልዩነት ይኸው ነው፦ ፈሳሽ በትንሿ ግፊት ሁሉ ይፈሳል፤ ጄል ግን እንዲንቀሳቀስ መጀመሪያ መረቡን የሚያሸንፍ መነሻ ግፊት ይፈልጋል። የራሱ ክብደት ያን ያህል ካልሆነ ባለበት ይቆማል።

ስለዚህ "ወፍራም" ስንል ሁለት የተለያዩ ነገሮችን እየቀላቀልን ነው። ማር ከውሃ በሺህዎች እጥፍ ይወፍራል፤ ቀስ ይላል እንጂ መፍሰሱን አያቆምም። ገንፎ ግን ይቆማል። የዓለም ጤና ድርጅት ለሕፃናት ምግብ ያወጣው ቀላል መመዘኛ ይህንኑ ይጠቀማል፦ ገንፎው በማንኪያ ሲነሣ ማንኪያው ላይ የሚቆም፣ ቶሎ የማይንጠባጠብ መሆን አለበት። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ በእናቶች ፊት ማንኪያውን ዘንበል ስታደርግ በላቦራቶሪ በውድ መሣሪያ የሚለካውን ነገር በዓይን እየለካች ነው።

የግማሽ ኩባያው ሒሳብ

አሁን የቢዝነስ ሰው እንደመሆኔ ቁጥር ላስቀምጥ። ከ6 እስከ 8 ወር ያለ ሕፃን ከእናት ጡት በተጨማሪ ከምግብ በቀን 200 ኪሎ ካሎሪ ያህል ያስፈልገዋል። ከ9 እስከ 11 ወር 300፣ ከ12 እስከ 23 ወር 550 ይደርሳል። የሕፃኑ ሆድ ግን ትንሽ ነው፤ በዚያ የመጀመሪያ ዕድሜ በአንድ ጊዜ የሚበላው ቀስ በቀስ ወደ ግማሽ ኩባያ፣ ማለትም ወደ 125 ሚሊ ሊትር ይጠጋል።

ከመቶ አምስት እጅ ብቻ ዱቄት ያለው ቀጭን አጥሚት ስጡት እንበል። በግማሽ ኩባያ ውስጥ 6 ግራም ያህል ዱቄት አለ፤ ይህም ከ20 ኪሎ ካሎሪ ብዙም አይበልጥም። በቀን ሦስት ጊዜ ቢበላ ከሚያስፈልገው አንድ ሦስተኛውን ብቻ አገኘ። ሆዱ ግን ሞልቷል፤ አያለቅስም፤ እናቱም ጠግቧል ትላለች። ከመቶ ሃያ እጅ ዱቄት ያለው ገንፎ ከሆነ በዚያው ግማሽ ኩባያ 25 ግራም ዱቄት፣ ወደ 90 ኪሎ ካሎሪ አለ። ሦስት ጊዜ ሲበላ ፍላጎቱን አልፎ ይሄዳል። አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ወይም ቅቤ ደግሞ 40 ገደማ ይጨምርለታል፤ ቅባት ምግቡን ለስለስም ያደርገዋል።

"ታዲያ ወፍራሙን እንስጥ!" ትላላችሁ። ችግሩ እዚህ ነው። ከመቶ ሃያ እጅ ዱቄት ያለው ገንፎ ለሰባት ወር ሕፃን አፍ ይከብዳል። ጥርስ የለውም፤ ጉሮሮው ገና እየተማመደ ነው፤ ይተፋዋል ወይም ይንገሸገሻል። እናት የምታደርገው ታዲያ ምንድን ነው? ውሃ ትጨምራለች። ገንፎው ይላላል፤ ካሎሪውም አብሮ ይሄዳል። ይህ የመጀመሪያው ማታለያ ነው፦ ቀጭኑ ምግብ ለአፍ ይመቻል፣ ለአካል ግን አይበቃም።

ሁለተኛው ማታለያ ደግሞ በተቃራኒው ነው። ንጹህ የበቆሎ ስታርች ከመቶ አምስት እጅ ብቻ ቢሆን እንኳ በርዶ ድርቅ ያለ ጄል ይሠራል፤ የቀረው 95 እጅ ውሃ ነው። ማለትም ወፍራም መልክ በርካሽ ሊሠራ ይችላል። የታሸገ የሕፃናት ዱቄት ስትገዙ በፓኬቱ ላይ ያለው ፎቶ ምን ያህል እንደሚወፍር ሳይሆን ለስንት ግራም ዱቄት ስንት ሚሊ ሊትር ውሃ እንደሚታዘዝና ከእህሉ ሌላ ጥራጥሬ፣ ወተት ወይም ቅባት መኖሩን አንብቡ። ሁለት ምርት ስታወዳድሩ የፓኬቱን ሳይሆን የአንዱን ሰሃን ዋጋና ካሎሪ አወዳድሩ።

ብቅል፦ መረቡን የሚቆርጥ መቀስ

ለዚህ እንቆቅልሽ መፍትሔው ጠላ በሚጠመቅበት ቤት ሁሉ አለ፤ ብቅል ነው። እህል ሲበቅል አሚሌዝ የተባለ ኢንዛይም ያመነጫል። ሥራው የስታርችን ክሮች መቁረጥ ነው። በጠላ ውስጥ ስታርቹን ወደ ስኳር የሚቀይረው እሱ ነው፤ እርሾው ያንን ስኳር ያገኛል። ያው መቀስ በገንፎ ውስጥ ሲገባ መረቡን ይቆራርጠዋል፤ ማንኪያ የሚያቆመው ገንፎ በደቂቃዎች ውስጥ ይላላል።

ልብ በሉ፦ ውሃ ስትጨምሩ ምግቡ ይበረዛል። ብቅል ስትጨምሩ ግን የሚቆረጠው የክሮቹ ርዝመት እንጂ ምግቡ አይደለም። ያው 25 ግራም ዱቄት፣ ያው 90 ኪሎ ካሎሪ በግማሽ ኩባያው ውስጥ አለ፤ ሕፃኑ ግን አሁን ሊውጠው ይችላል። እንዲህ ሲሆን የማንኪያው መመዘኛ አይሠራም፤ ላላ ብሎ ስታዩት "ቀጠነ" ብላችሁ አትደንግጡ፤ መቁጠር ያለባችሁ የገባውን ዱቄት ነው።

ተመሳሳይ መቀስ በምራቃችን ውስጥም አለ። ዳቦ ለረጅም ጊዜ ሲታኘክ የሚጣፍጠው፣ የተላሰ ማንኪያ የገባበት ገንፎ ቆይቶ ውሃ የሚቋጥረው በዚህ ምክንያት ነው። የእናት ጡት ወተትም አሚሌዝ ስላለው ትንሽ የታለበ የጡት ወተት ለብ ባለ ገንፎ ላይ መጨመር ያለሰልሰዋል፤ ከውሃ ይልቅ ወተቱን መምረጥ ድርብ ትርፍ ነው።

ድስቱን አትርሱ፤ ሌሎቹም ጄሎች አሉ

ይህን ካወቃችሁ በኋላ ወጥ ቤታችሁን በሌላ ዓይን ታዩታላችሁ። ጤፍ እንደ ስንዴ የሚለጠጥ ግሉተን የለውም። ታዲያ የእንጀራ ዓይን ከየት መጣ? አብሲቱ ነው። ከቦካው ሊጥ ጥቂት ተወስዶ በውሃ ይፈላና ጄል ይሆናል፤ ወደ ሊጡ ሲመለስ ሊጡ አረፋውን የሚይዝበት አካል ያገኛል። አብሲት የሌለው እንጀራ ዓይኑ የሚጠፋው ለዚህ ነው።

እርጎ ደግሞ ያለ ሙቀት፣ በአሲድ የሚሠራ ጄል ነው። በወተት ውስጥ የሚንሳፈፉት የፕሮቲን ቅንጣቶች ወተቱ ሲኮመጥጥ እርስ በርስ ይያያዛሉ። አንዴ ካናጋችሁት መረቡ ይሰበራል፤ አጓቱ ይለያል፤ ወደ ቀድሞው አይመለስም። ተልባ ሌላ ዓይነት ነው፤ ተወቅጦ በውሃ ሲበጠበጥ ከቅርፊቱ የሚወጣው ዝልግልግ ያለ እሳት ያወፍረዋል። ስታማስሉት ይቀጥናል፣ ስታቆሙ መልሶ ይይዛል።

ያደረ እንጀራና ያደረ ገንፎ የሚደርቁት ደግሞ መረቡ ይበልጥ እየጠበቀ ውሃውን ስለሚገፋ ነው። ትንሽ ሲሞቁ ከፊል ይለሰልሳሉ።

የዋግ ማርስ? የረጋ ማር ጄል አይደለም። ውስጡ ያለው ግሉኮስ ወደ ደቃቅ ክሪስታል ተለውጦ ነው፤ ስለዚህ የረጋ ማር ሁሉ ስኳር የተቀላቀለበት ነው ማለት አይደለም። ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ዕቃውን ብታስቀምጡት ይፈታል። አንድ ጥብቅ ማሳሰቢያ ግን አለ፦ ማር፣ ምንም ያህል ንጹህ ቢሆን፣ አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን አይሰጥም። በውስጡ ሊኖሩ የሚችሉ የባክቴሪያ ዘሮች ቦቱሊዝም የተባለ አደገኛ መመረዝ ያመጣሉ። ገንፎውን ለማጣፈጥ የበሰለ ሙዝ ፍጩበት።

በቤታችሁ እንዲህ ሞክሩት

• ዱቄቱን መጥኑ። ሦስት እጅ እህል (ጤፍ፣ ገብስ፣ አጃ፣ ማሽላ) ለአንድ እጅ የተቆላ ጥራጥሬ (ባቄላ፣ ሽንብራ፣ አተር)። ገንፎ ብቻውን አይበቃም፤ እንቁላል፣ የተፈጨ ጎመን፣ ካሮት፣ የፍየል ወይም የላም ወተት አፈራርቁበት።

• በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጡ፣ ከዚያ ጣዱ። ማንኪያ ላይ እስኪቆም እያማሰላችሁ አብስሉት።

• ብቅል የምትጠቀሙ ከሆነ ድስቱን አውርዱና ጥቂት ይቀዝቅዝ። የፈላ ገንፎ ኢንዛይሙን ይገድለዋል፤ 60 እና 70 ዲግሪ መካከል ግን በደንብ ይሠራል። አንድ የሻይ ማንኪያ የገብስ ብቅል ዱቄት ጨምራችሁ አማስሉ፤ ሲላላ ታዩታላችሁ። ከዚያ መልሳችሁ አፍሉት። ብቅል ጀርም ሊኖርበት ስለሚችል ይህ እርምጃ አይዘለልም።

• ሻጋታ የነካው ወይም የሸተተ ብቅል ጣሉት። የማሽላ ብቅል ከሆነ ቡቃያውና ሥሩ መርዛማ ሳይናይድ ሊያመነጭ ስለሚችል ደርቆ፣ ታሽቶ፣ ተለይቶ ከወጣ በኋላ ብቻ ይፈጭ።

• የበሰለውን ከሁለት ሰዓት በላይ ውጭ አታሳድሩ።

• በጾም ወቅት የልጁን ድስትና ማማሰያ ለብቻ አድርጉ። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ከሰባት ዓመት በታች ያለ ልጅ አይጾምም፤ ዕቃ እንዳይነካካ በሚል ብቻ እንቁላልና ወተት የሚቀርበት ሕፃን ግን ብዙ ነው።

• ልጁ ክብደት ካልጨመረ፣ ወይም ሲውጥ ሁልጊዜ ትን የሚለው ከሆነ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

የሰቆጣ ቃል ኪዳን ውሃን፣ ግብርናን፣ ጤናንና ትምህርትን በአንድ ያቀናጀ ትልቅ ሥራ ነው፤ በአንድ ማንኪያ ብቅል አይፈጸምም። እህሉ ከሌለ መረቡም የለም። እህሉ ባለበት ቤት ግን በቀጭኑ አጥሚትና በሚቆመው ገንፎ መካከል ያለው ልዩነት ገንዘብ አይጠይቅም። ዛሬ ማታ የልጃችሁን ምግብ ስትሠሩ ማንኪያውን ዘንበል አድርጉትና እዩት። ቶሎ ከፈሰሰ አንድ እፍኝ ዱቄት ይቀረዋል።